ለከርሞ የተገዛ የባሌት ጫማ

ወበቁ በበረታ ቀን በጫማ ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ የኮላ ሽታ ድንገት ይመጣብኝና፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር የነበረችው ቤታችን ከነእማዬ ፊቴ ድቅን ትላለች።

ሙቀቱ ረገብ ሲል ትምህርት ይከፈት ነበር፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ማዳም ሶላንዥ ዘንድ ባሌት እማር ነበር። ጉጉቴ ሁሉ በጣት ጫፍ የሚያስቆመውን፣ ፑዋንት የሚሉትን ጫማ ማጥለቅ ነበር፤ ማዳም ግን የማትቸኩል ሴት ነበረችና፣ አጥንታችን እስኪጠና ድረስ በስስ ጫማ ተረከዛችንን እያነሳን እያወረድን ቁርጭምጭሚታችንን እንድናጠነክር ታደርገን ነበር። እማዬ ልብስ ከምትሸጥበት ሱቋ ሆና «ዛሬም መሬት ላይ ናችሁ?» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ያን ዓመት እማዬ ታመመች። ለእኔ የምትገዛውም ነገር ሁሉ ሰፊ ሆነ፤ የዩኒፎርሜ እጅጌ ጣቶቼን ይሸፍን፣ ነጠላ ጫማዬም እየወለቀ ያናድደኝ ነበር፤ ሳጉረመርም «ለከርሞም ይሁንሽ ብዬ ነው» ትለኝ ነበር። ካምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሊጀምር ሲል ደግሞ ፈረንሳይ ያለች የአክስቷን ልጅ ለምና ፑዋንት አስመጣችልኝ፤ እሱም በሁለት ቁጥር ይበልጠኝ ነበር።

እማዬ ልብሷ ሰፍቷት፣ ትከሻዬን ተደግፋ መለማመጃው ክፍል ድረስ መጣች። ማዳም ጫማውን አጥልቃልኝ ተረከዜ ላይ የተረፈውን ጨርቅ በጣቷ ቆንጥጣ ያዘችና ራሷን ነቀነቀች።

«እግሯ ውስጡ ይንሸራተታል፤ ልትሰበር ትችላለች። እኔው ለክቼ ልኳን አዛለሁ።»

«መቼ ይደርሳል?» አለች እማዬ።

«ከእረፍቱ በኋላ፣ ትምህርት ሲከፈት።»

«ጥጥ ብንጨምርበትስ፣ ማዳም? አንዴ ብቻ፣ እጇን ይዤላት፣ ቆማ ልያት።»

የማዳም ዓይን እንባ አቀረረ፤ ቢሆንም ጎንበስ ብላ ጫማውን አወለቀችልኝ። ያኔ ጠላኋት። ልክ እንደነበረች የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ልክ መሆኗ ግን እስከ ዛሬ አላጽናናኝም።

ሙቀቱ ሳይበርድ እማዬ አረፈች። ልኬ የሆነው ጫማም ከእረፍቱ በኋላ መጣ፤ አግዳሚውን እንጨት ይዤ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በጣቴ ጫፍ ስቆም የክፍል ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፣ እኔ ግን ማንን እንደምፈልግ ሳላውቅ በሩን በሩን አይ ነበር። እማዬ ያስመጣችልኝን ጫማ በዓመቱ እግሬ ሞልቶት «አሁንስ ይሆነኛል» ብዬ ስወስደው ደግሞ፣ ጫፉን አጠንክሮ የያዘውን ኮላ ወበቁ አላልቶት ኖሮ ማዳም ዳግም ከለከለችኝ። ሳላደርገው ቀረሁ።

አሁን የራሴ ልጅ ባሌት ትማራለች። በቅርቡ ለፑዋንት ደርሳ፣ አስተማሪዋ ፊት እግሯ ተለክቶ ልክክ ያለውን ገዛሁላት። ሲጠባት ሌላ እገዛላታለሁ። እናቴ ከርሞን እንደማታይ ታውቅ ነበርና፣ ይህን ማለት አትችልም ነበር።