ያሸሁት እግር

የአባቴ ግራ እግር ያበጠው የቡና ለቀማው ሊያልቅ ሲል ነበር። «የቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ስቆም ስለምውል ነው፣ ወለም ብሎኝ ይሆናል» አለ። የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለበት ካወቅን ዓመት ሊሞላን ነው፤ ግን ፕሮስቴትን ከእግር ጋር ምን ያገናኘዋል? ቴፒ ያደገ ሰው እግር ሲያብጥ የሚያውቀው ማሸት ነው። ሟች እናቴ ደግሞ ወጌሻ ነበረች፤ እጇን ወርሻለሁ ብዬ እኮራለሁ። ቅቤ አሙቄ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ባቱን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ አሸሁት። «አመመህ አባባ?» ስለው ጥርሱን ነክሶ «እየተሻለኝ ነው» ይለኛል።

በአራተኛው ቀን ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ ትንፋሽ አጠረውና ደረቱን ያዘ።

በሚኒባስ ወደ ሚዛን ሆስፒታል ስንሄድ ዓይኔን ከደረቱ ላይ አልነቀልኩም። ትንፋሹ የዘገየ ሲመስለኝ ክርኑን እነካዋለሁ። «አልሞትኩም፣ ተይኝ እስቲ» አለኝ። ሾፌሩ ሰው ለመጫን በቆመ ቁጥር እጮህበታለሁ፤ ምስኪኑ ሰውዬ ሥራውን ነበር የሚሠራው።

ሐኪሙ ከምርመራው በኋላ ነገሩን አስረዳን። ካንሰሩ ደሙን በቀላሉ እንዲረጋ አድርጎታል፤ እግሩ ውስጥ ከረጋው ደም ቁራጭ ተነስቶ ሳንባው ገብቷል።

«አባት፣ እግርዎን ያሸዎት ሰው አለ? ማሸት የረጋውን ደም ሊያስነሳው ይችላል።»

አፌን ሳልከፍት አባቴ ቀደመኝ።

«ማንም አልነካኝም።»

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ለቀልድ እንኳ ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። አንድ እግሩ መቃብር አፋፍ ላይ ሆኖ ለእኔ ሲል ዋሸ።

«እኔ ነኝ ያሸሁት» አልኩ። ሐኪሙ «ሁለተኛ እንዳትነኪው» ብሎ መድኃኒት ማዘዝ ጀመረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባቴ ተርፎ ወደ ቤት ተመለስን። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን መርፌ በየቀኑ ሆዱ ላይ መውጋት ነበረብኝ፤ ነርሷ አሳይታኛለች። የመጀመሪያው ቀን ግን መርፌውን ይዤ ፊቱ ተገተርኩ። እጄን ማመን አቃተኝ።

«አባባ፣ ከጤና ጣቢያ ሰው ልጥራልህ?»

ሸሚዙን ራሱ ገለጠ።

«የማንን እጅ ልታመጪብኝ ነው? ነይ ውጊኝ» አለኝ።