አጎንብሳ ቴሌቪዥን የምታይ ልጅ

ባለፈው ሳምንት ብርዱ የደብረ ብርሃን ሰው እንኳ "ዘንድሮስ በዛ" የሚለው ዓይነት ሆኖ ነበርና፣ ወፍራም ሹራቤን ፍለጋ ከእናቴ አልጋ ሥር ያለውን ሻንጣ ጎትቼ ስበረብር፣ ከወንድሜ ከናቲ የሕፃንነት ልብሶች በታች በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ስፈታው የደረቀ ጤና አዳም ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ቅጠሉ ዱቄት ሆኗል። መሐሉ ላይ አንዲት ቀይ የሱፍ ጓንት ተኝታለች። አንዲት ብቻ። የእኔ ናት። እጄን ልከትባት ብሞክር ጣቶቼ እንኳ አልገቡ አሉ፤ ሹራቤን ረስቼ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጓንቷን እናቴ የሠራችልኝ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ የሠራችልኝም በድራማው ምክንያት ነው። ያን ጊዜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሳምንቱን ክፍሎች አንድ ላይ አድርገው የሚያሳዩት አንድ ትርጉም ድራማ ነበር፤ እጇ እሳት የሚያወጣ ልጅ ስለምታሳድግ እናት። ልጅቷ ስትናደድ ወይም ስትፈራ ጣቶቿ ይግላሉ፣ የነካችው ነገር ይነዳል፤ አንዴ ሳታስበው የጎረቤት ድርቆሽ አቃጥላለች። ስለዚህ እናትየዋ ቀይ ጓንት ሠርታ ታለብሳታለች፣ ሰው ፊት እንዳታወልቅ ታስምላታለች፣ ልቧ ሲመታ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ ታስተምራታለች፤ ልጅቷ ስትተኛ ደግሞ ልጇን አቅፋ የተቃጠለ የገዛ እጇን በቅባት ታሻለች። አገራቸው ተራራ ነው፣ ብርድ ነው፣ ጉም ነው፤ በረዶውን ትተን ካየነው አንኮበር ሄደው የቀረጹት ይመስል ነበር።

ከግቢው ትልቁ ቴሌቪዥን የእኛ ስለነበር ቅዳሜ ቤታችን አዳራሽ ይሆናል። አከራያችን እትዬ ሙሉ የገዛ ዱካቸውን ይዘው ከሁሉ ቀድመው ይመጡና ፊት ለፊት ተቀምጠው ከተዋናዮቹ ጋር ያወራሉ። "አንቺ ሴት፣ በሩን ዝጊ እንጂ፤ ያ ሰውዬ ከኋላሽ ነው" ይላሉ፤ ሴትየዋ ካልዘጋች ደግሞ የሚቀየሙት እኛን ነው። መብራት ሲጠፋ የቀረውን ታሪክ እሳቸው ይጨርሱልናል፣ በእሳቸው አጨራረስ ሁሌም አንድ ሰው ይሞታል፤ መብራት ሲመጣ ሰውየው በሕይወት ከተገኘ "ይቺን ቀይረዋታል" ይላሉ።

ከበሩ አጠገብ፣ ሰው ጫማ በሚያወልቅበት ቦታ፣ ወይኒ ትቀመጣለች። ወይኒ ከጓሮ ያለችውን ጠባብ ክፍል የተከራዩት የእትዬ ዘነቡ ልጅ ናት። እናቷ ከአንኮበር በኩል የመጡ፣ ገበያ ላይ ሸክላ የሚሸጡ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ፤ ሸክላውን "ገዝቼ ነው የምሸጠው" ይሉ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ወይኒን ለእናቴ አደራ ይላሉ። ወይኒ እኩያዬ ነበረች፤ ክፉኛ ነበር የምወዳት፤ ግን አሁን መልኳን ላስታውስ ስል የሚመጣልኝ የፀጉሯ ክፍልፋይ ነው፣ ቀጥ ብሎ የተከፈለው መስመርና በሁለቱ ወገን የወረደው ቀጭን ሹሩባ። ሁሌም አጎንብሳ ነበራ።

ቴሌቪዥን እንኳ አጎንብሳ ነው የምታየው። በቅንድቧ ሥር ሰረቅ ታደርግና ትመለሳለች። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ይህ ነበር፤ እነዚያ የተራራ ሰዎች ማዕድ ቀርቦ መብላት ሲጀምሩ፣ ዳቦ ሲቆረስ፣ ሾርባ ሲጠጣ፣ ወይኒ ሙሉ በሙሉ ዞራ ግድግዳውን ታያለች። መጀመሪያ ርቧት መሰለኝ። አንድ ቀን በጆሮዋ ጠየቅኋት።

"እማዬ ሰው ሲበላ አትዪ ብላኛለች" አለችኝ።

"ቴሌቪዥን ውስጥ ያሉት እኮ አያዩሽም።"

"እኔ ግን አያቸዋለሁ" አለች፤ ትንሽ አሰበችና "ቢታመሙስ?" ጨመረችበት።

ሳቅኩ። ምን ልበል፣ ቀልድ መሰለኝ።

ድራማው ሲያልቅ ግቢ ወጥተን እሱኑ እንጫወታለን። የግቢው ልጅ ሁሉ እሳቷን ልጅ መሆን ይፈልጋል፤ ወንዶቹም ጭምር፤ በእሱ የተነሳ ያልተቧጨረ ልጅ አልነበረም። ጓንቱ የእኔ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ እኔ እሆናለሁ፤ ግን ለወይኒ ልለቅላት አስቤ "ዛሬ አንቺ ሁኚ፣ እኛ እንሸሽሻለን" ስላት ፊቷ ጭራሽ ተለዋወጠ። "እሷን አልሆንም" አለች። "ዳቦ ሻጯን ልሁን። ሰዎች እየመጡ ይግዙኝ።" ዳቦ ሻጯ ድራማው ውስጥ አንዴ ብቻ ብቅ ያለች፣ ስም እንኳ የሌላት ሴት ነበረች። ደርድራ የምትሸጠው ጠጠር ስለሆነ እጇ በረዶ ሆኖ አየሁና አንዱን ጓንት አጠለቅኩላት። ከዚያ ወዲህ አንድ አንድ ሆንን፤ ግራው የእኔ፣ ቀኙ የእሷ።

ታዲያ አንድ ቀን እትዬ ሙሉ ከጓሮ ልብስ ሊያሰጡ ሄደው ሲመለሱ፣ ቧንቧው ጋ ውኃ ስትቀዳ የነበረችውን እናቴን ጠጋ አሏት። እኔ ባልዲውን ይዤ ቆሜያለሁ።

"በገዛ እጇ ጭቃ ስታቦካ አየኋት" አሉ። "ገዝቼ ነው የምትለው ውሸቷን ነው። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ፣ የእነማን ወገን እንደሆነች አሁን ገባኝ።"

"ታዲያ ሸክላ ብትሠራ ምን ይሁን?" አለች እናቴ።

"እኔ ምን ወጣኝ። ሕፃን አለሽ ነው የምልሽ።"

እናቴ አስተማሪ ናት። "እትዬ ሙሉ፣ በዚህ ዘመን ቡዳ ምናምን እያሉ ልጆቹን አያሳቅቁብኝ" ብላ ባልዲዋን አንሥታ ገባች፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ ተከተልኳት። ቡዳ የሚባለው ምን እንደሆነ የነገረችኝም ያን ዕለት ነው፤ ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ዓይናቸው ይበላል፣ የሚበላ ሰው ወይም የሚያምር ሕፃን ቀና ብለው ካዩ ያሳምማሉ የሚሉ አሉ፣ አንቺ ግን እንዳታምኚ አለችኝ። የወይኒ አጎንብሳ መኖር ያኔ ገባኝ። እናቷ ጓንት ሊሠሩለት የማይችሉት ነገር ነው ሰው አለባት የሚለው፣ በእውነት ግን የሌለባት።

ቅዳሜ ደረሰ። ቤታችን ሞልቷል። እናቴ ናቲን ታቅፋ አጥሚት እያበላችው ነው። ድራማው ውስጥ የመንደሩ ሰዎች ችቦ ይዘው መጥተው እሳቷን ልጅ ከአገር አውጪልን ይላሉ፤ እናትየዋ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል። እትዬ ሙሉ በነጠላቸው ይናፈጣሉ። የእናቴ እንባ አገጯ ላይ ደርሷል፤ "ምን አደረገቻቸው፣ ይቺ አንድ ፍሬ ልጅ ምን አደረገቻቸው" ትላለች፣ ማንኪያውን ይዛ።

በዚህ መሐል ናቲ ድንገት ኪሊሊ ብሎ ሳቀ። እጁን ወደ በሩ፣ ወደ ወይኒ ዘረጋ። የሕፃን ሳቅ መቼም ያሸንፋል፤ ወይኒ ቀና አለችና እሷም ሳቀች።

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ መንጭቃ ናቲን ከነማንኪያው ሸፈነችው።

ጉንጯ ለዚያች ለሌላኛዋ ልጅ ባፈሰሰችው እንባ ገና እርጥብ ነበር። እኔ አፌን ከፍቼ አየኋት፤ የማውቃት ሴት ተነሥታ ሄዳ ሌላ ሰው በቦታዋ የተቀመጠ መሰለኝ። ወይኒ ወዲያው አጎነበሰች፣ በጣም ከመልመዷ የተነሳ ፊቷ ላይ ቅሬታ እንኳ አልነበረም። ቀና ስል እትዬ ዘነቡ ከገበያ ተመልሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ ሁሉንም አይተዋል። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። እንዲቆጡም ፈልጌ ነበር።

"ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የናቲ እናት" አሉ በዚያ በማይሰማው ድምፃቸው። "ቀና አትበዪ ብያት ነበር። ልጅ ናት፣ ረስታው ነው።"

የልጃቸውን እጅ ይዘው ወጡ። በነጋታው ናቲ አስመለሰው፤ ጥርስ እያወጣ ነበር፣ ከዚያ በፊትም ያስመልሰው ነበር፣ ግን ግቢው ወሬውን ይዞ ዞረ፤ እናቴም ከቡዳ ይጠብቃል የሚሉትን ጤና አዳም ቆርጣ አንገቱ ሥር ስታሽ አየኋት። ሳምንቱ ሳያልቅ የጓሮው ክፍል ተዘግቶ አገኘሁት። ወዴት እንደሄዱ ማንም አልጠየቀም፤ አንዳንዶች ወደ ሰላ ድንጋይ አሉ። ቀኙ ጓንት አብሯት ሄደ። ግራው ጠፋብኝ፤ ስፈልገው ሰንብቼ ተውኩት።

የድራማው መጨረሻ የታየው በቀጣዩ ቅዳሜ ነው። የመንደሩ ሰዎች ተጸጽተው ዳቦ ይዘው መጡና እሳቷን ልጅ ከመሐላቸው አስቀመጧት። እትዬ ሙሉ እልል አሉ፣ ከልባቸው። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው አልነበረም፤ ጫማ ብቻ ነበር።

እና ባለፈው ሳምንት፣ ጓንቷን ይዤ ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ጤና አዳሙ ብል እንዳይበላት የተደረገ አለመሆኑ ገባኝ። እናቴ የወይኒ ጓንት ጥንድ ስለሆነች ጓንቷን ፈርታ ሸሸገቻት፣ ግን አልጣለቻትም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ከልጇ የሕፃንነት ልብስ ጋር አስቀምጣታለች። ተነሥቼ ሄድኩና፣ እናቴ የተማሪ ፈተና የምታርምበት ጠረጴዛ ላይ አኖርኳት። ስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አልተቆጣሁም፣ አልጮህኩም፤ "ወይኒን ታስታውሻታለሽ?" ብቻ ነው ያልኩት።

ጓንቷን በጣቷ ዳሰሰቻት።

"ዓይኗ" አለች። "እንዴት የሚያምር ዓይን ነበራት።"

እኔ አጠገቧ የኖርኩት፣ ጓንት የተካፈልኳት፣ የዓይኗን መልክ አላውቀውም። ያየችው እናቴ ናት። ያየችውም ያን ዕለት ነው፤ ነጠላውን ከማንሣቷ በፊት።