ቀዳዳዬን የደፈነው ጭቃ

ልጅ እያለሁ የተደረገብኝን በደል ሌላው ቢረሳውም እኔ በጽሑፍ እንዲቀር እፈልጋለሁ። በመንደራችን ትምህርት ቤት አባቱ መዋጮ የከፈለለት ልጅ ክፍል ገብቶ ሲማር፣ እኛ ያልተከፈለልን ውጭ ውሃ እንቀዳ ነበር።

መንደራችን ከአሶሳ ራቅ ብላ ካለችው ከመንጌ ወዲያ ናት። አባቴ ወንዝ ዳር ወርቅ ያጥብ ነበር፤ አንዳንድ ሳምንት ያገኛል፣ ብዙውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ «ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ» ሲል አባቴ ለክፍሉ ግድግዳ ቀርከሃ ቆርጦ በትከሻው አመጣ። ያ አልበቃ ብሎ እኔ ለምርጊቱ ጭቃ ውሃ ቅጂ ተባልኩ፤ ያውም በትምህርት ሰዓት።

ሁለት ቅል በእንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥዬ እመላለሳለሁ። ጭድ ያለበት ጭቃ ሲቦካ የሚሸተው ሽታ ዛሬም ካፍንጫዬ አልጠፋም። ውሃዬን ደፍቼ ስመለስ በቀርከሃው መሃል ባለች ቀዳዳ ሰሌዳውን አያለሁ። ፊደል የጀመርኩት በዚያች ቀዳዳ ነው። የባለሱቁ ልጅ ዘይነብ ከውስጥ ሆና «አንቺ ውሃ ቀጂ፣ ዓይንሽን ከግድግዳችን ላይ አንሺ!» ትለኛለች።

«ቀርከሃውን የቆረጠው አባቴ ነው!» እላታለሁ። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል።

ምርጊቱ ግን በየቀኑ ከፍ እያለ መጣና አንድ ጠዋት ቀዳዳዬ ጋ ደረሰ። እኔው በቀዳሁት ውሃ የተቦካ ጭቃ ሰሌዳውን ከለከለኝ። ቀሪውን ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው።

ዛሬ አሶሳ ውስጥ የልጅ ልጄ የሀሊማ ትምህርት ቤት ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ትምህርቱም በነጻ ነው ይባላል። ሀሊማ አራተኛ ክፍል ናት፣ ሂሳብ ትወዳለች። ዘንድሮ ደብተሯን ብገልጠው ግማሹ ባዶ ነው።

«አያቴ፣ በሂሳብ ሰዓት ግቢው ውስጥ ለተተከለው ችግኝ ውሃ እንቀዳለን» አለችኝ።

«እነማን?»

«መዋጮ ያልከፈልነው።»

የያኔውን የድህነት ነው ብዬ ልተወው፤ የአሁኑን ምን ብዬ ልተወው?

ርዕሰ መምህሩ ጋ ሦስት ጊዜ ሄድኩ። መጀመሪያ «እናጣራለን» አለኝ፤ ቀጥሎ «የወሰነው ኮሚቴው ነው» አለኝ። በሦስተኛው ጊዜ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ ሳትመልስልኝ አልነሳም። ውሃው የግድ ከሆነ ሁሉም ልጅ በተራ፣ ከትምህርት በኋላ ይቅዳ። ይሄ ምኑ ይከብዳል?»

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይመስልም። ቀና ብሎ ሳያየኝ መለሰልኝ።

«እማማ፣ የከፈሉት ወላጆች ‹ልጆቻችን ውሃ አይቀዱም› ይላሉ።»