ሦስት ቀለበት አጥልቄ ወደ ሰመራ

ሐሙስ ንጋት 11 ሰዓት፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ

ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ ደርሻለሁ። ሰመራ ያለችው ልጄ ሀያት ኒካዋ ሊታሰር ሳምንት ቀርቶታል። ጥሩ ወርቅ አቅማችን አይደለም፤ ወርቅ ቅብ ነው የምንገዛላት። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ኢድ ባደረገችው ጉትቻ ጆሮዋ አብጦ መግል ቋጥሮ ነበር። በሠርጓ ቀን እንዲያ ብትሆንብኝስ?

ጌጥ ነጋዴዋ ዘይነባ ትናንት ሦስት ቀለበት አዋሰችኝ። አንዱ ነሐስ ላይ ስስ ወርቅ የተቀባ ነው። ሁለተኛው ነሐስ ላይ ወፈር ያለ ወርቅ የተጫነበት። ሦስተኛው ውስጡ ብር፣ ላዩ ወርቅ።

«ለዓይን አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው ላብ ነው» አለችኝ። «የመረጥሽውን ደውለሽ ንገሪኝ፣ ሙሉ ጌጡን በመኪና እልክልሻለሁ።»

ሦስቱንም አጠለቅኋቸው።

ረፋድ 4 ሰዓት፣ ገዋኔ

ለቁርስ ወረድን። ፉል፣ ትኩስ ዳቦ፣ ዝንብ። የጅቡቲ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ወንበሩን ጨምድጄ ነው የመጣሁት። ሾፌሩ ጣቶቼን አየና፣

«እናቴ፣ ሦስት ባል አለዎት እንዴ?» አለኝ።

«አንዱም ከሞተ ቆየ! አንተ መንገድህን እይ!»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ትንሽ ቀለለኝ።

ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ሎግያ

ሙቀቱ ምድጃ ነው። ስሱ ቅብ ያለበት ጣቴ አረንጓዴ ሆኗል። ሌሎቹ ሁለቱ ምንም አልሆኑም። ወፍራሙ ከባለ ብሩ ይረክሳል፤ እሱን ልወስድ ቆረጥኩ።

10 ሰዓት፣ ሰመራ

ሀያት መናኸሪያ ጠብቃ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ይኸው፣ በቆዳዬ ፈትኜ መጣሁልሽ» አልኳት።

«እማ፣ የሚያብጠው እኮ የኔ ቆዳ ነው! ያንቺማ ምን ይሆናል?»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ መንገድ ጣቴን ሳይ ይሄ አልታሰበኝም።

«በይ እኔ ላይ እሰሪው» ብላ ክንዷን ዘረጋችልኝ። ሁለቱን ቀለበቶች ክንዷ እጥፋት ላይ፣ አራርቄ በፋሻ አሰርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰመራ

ፋሻውን ፈታሁት። ወፍራሙ ያረፈበት ቀልቶ ሽፍ ብሏል። ባለ ብሩ ያረፈበት ግን ንጹሕ ነው፣ ወላሂ፣ ምንም የለውም። እዚያው ላይ ሳምኳት። ወዲያው ዘይነባ ጋ ደወልኩ።

«ባለ ብሩን ላኪልኝ።»

ሀያት ስልኩን ነጠቀችኝ።

«ጉትቻው ረጅም ይሁን፣ እስከ ትከሻ!»