ሙቱ በር ሲያንኳኳ

መክሊት ከጓደኞቿ ጋር ወሩን ሙሉ በየቀኑ አንድ የጥንት አስፈሪ ፊልም ለማየት ተወራርዳለች። በምትሠራበት፣ እንግዳ በራቀው የላሊበላ ሆቴል ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ የእንግዳ መቀበያውን መጋረጃ ጋርዳ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት፣ አዲሱ ዘበኛ መጥተው ደፉ ላይ ይቆማሉ። ከሙጃ በኩል እንደመጡ ሰምታለች እንጂ ስማቸውን እንኳ ገና አልያዘችውም። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ይከናነባሉ፤ ተቀመጡ ቢሏቸው እሺ አይሉም። የግቢውን በር ሲዘጉ ደጋግመው ነቅነቅ አድርገው ካላዩ አያምኑም።

የዛሬው ፊልም ጥቁርና ነጭ ነው። ጭጋግ የዋጠው ግንብ፣ ሲጢጥ የሚል ደረጃ፣ ሻማ ይዛ የምትንቀጠቀጥ እናት። የሞተው ልጇ ከመቃብር ተነሥቶ በሯን ያንኳኳል። ጥላው ግድግዳው ላይ እየረዘመ ሲሄድ መክሊት ትራስ አቀፈች።

"ወይኔ፣ ሲያምር!" አለች፣ ፍርሃቱም አድናቆቱም ተደባልቆባት።

እናትየው በሩን ቀረቀረችበት።

"ምነው?" አሉ ዘበኛው። "ልጇ አይደለም እንዴ?"

"ሞቷል እኮ አባባ! ሙት ነው!"

"ቢሆንስ? ብርድ ላይ ነው የቆመው።"

መክሊት ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ዋጥ አደረገችው።

"በጦርነቱ ጊዜ ከቤት የወጣ ልጅ አለኝ" አሉ፣ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ። "ጎረቤቱ ሁሉ ተዝካሩን አውጣ እያለ ይመክረኛል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የቤቴን በር ገርበብ አድርጌ ነው የማድረው።"

ግድግዳው ላይ ወደ ቀረው ረጅም ጥላ በአገጫቸው አመለከቱ።

"እንዲህ ሆኖም ቢመጣ፣ ልጄ ይምጣ።"