የሻምፒዮኑ የሥራ ፈተና

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር ገበያ ያገለገለ የጎልፍ ዱላ እሸጣለሁ። ሀብታም ሲሞት ልጆቹ መጀመሪያ ከቤት የሚያወጡት የአባታቸውን ዱላ ነው፤ እኔም በሩ ላይ አልጠፋም። መርካቶ ያሳደገው ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶም ዕቃ ያያል።

ሽማግሌውን ያወቅኋቸው እዚያው ገበያ ነው። አንድ ዱላ አንስተው ሲያወዛውዙ ዕድሜያቸው ከላያቸው ወረደ።

«ጋሼ፣ የት ተማሩት?»

«አዲስ አበባ። የአምባሳደሮች የጎልፍ ቦርሳ ተሸካሚ ነበርኩ። ኋላ እነሱኑ አሸነፍኳቸው።»

ለሽልማት ገንዘብ ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ ሐበሾች አንዱ ነበሩ። ዋንጫ በዋንጫ ላይ ደረደሩ። ደርግ ሲመጣ ጨዋታው የአድኃሪ ተባለ፣ ተጫዋቹም አብሮ። በሱዳን በኩል ወጡ። እዚህ፣ ይህ ሁሉ የጎልፍ ሜዳ ባለበት የፈረንጅ ከተማ ደርሰው ያገኙት ሥራ አየር ማረፊያ ውስጥ ዊልቸር መግፋት ነው። እስካሁን ይገፋሉ። ጉልበታቸው ከማለቁ የተነሳ፣ ወንበሩ ከተቀመጠበት ሰው ይልቅ ለእሳቸው ይገባ ነበር። ሐኪሙም ይህን ሥራ ካልተዉ መራመድ እንደሚያቆሙ ነግሯቸዋል።

ከእኔ ዱላ የሚገዛ አንድ የመለማመጃ ሜዳ ባለቤት ለጀማሪዎች አስተማሪ ይፈልግ ነበር። አስተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ነው የሚያርመው። «ሻምፒዮን አመጣልሃለሁ» አልኩት። «አምጣው፤ ሲመታ ልየው» አለኝ።

ጋሼ ሱሪ አስተኩሰው፣ ነጭ ቆብ አድርገው መጡ። ባለቤቱ ዱላ ሲሰጣቸው ወደ ኋላ አሉ።

«ኧረ በፍጹም! ባለቤቱ ይቅደም።»

ተረጎምኩለት። ሳቀና መታ። ኳሷ እንደ ሰካራም ወደ ግራ አዘንብላ አጥር ሥር ወደቀች። ጋሼ አጨበጨቡለት።

ተራቸው ደረሰ። ዱላው ግማሽ መንገድ ላይ እንቅልፍ የወሰደው መሰለ። ኳሷ ተንከባልላ ከባለቤቱ ኳስ አንድ ክንድ መለስ ብላ ቆመች። «እንደገና» አለ። ሁለተኛዋም ሄዳ እዚያው ከእህቷ አጠገብ ተቀመጠች። ይኼኔ ገባኝ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ፣ እንደሚያውቁት ይምቱ!»

«በገዛ ግቢው?»

ባለቤቱን ዞር አድርጌ «አንተን አክብረው ነው ያሳጠሩት» አልኩት።

«ከእኔ አሳንሶ የሚመታ ሁሉ አክብሮኝ ነው በለኛ!» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «ደግ ሽማግሌ ነው። እኔ የምፈልገው ግን መምታት የሚችል ሰው ነው።»

መኪና ውስጥ ገብተን መታገስ አቃተኝ። «ምን ነካዎት? ሥራው ቀረ እኮ!»

«ታዲያ እንጀራ ልለምነው ሄጄ በሠራተኞቹ ፊት ላሳፍረው?»

«አምባሳደሮቹን አሳፍረው የለ እንዴ!»

«ያ ውድድር ነበር፣ አንተ ልጅ። ያን ቀን የማንም እንግዳ አልነበርኩም።»

ብዙ የማይረባ ዕቃ ገዝቼ አትርፌ ሸጫለሁ። ይሉኝታ ግን እዚህ አገር በነፃ ቢሰጡትም የሚወስደው የለም።

ወደ ሰንራይዝ ማነር፣ ወደ ቤታቸው መታጠፍ ስጀምር ክንዴን ያዙኝ።

«ወደ አየር ማረፊያው አድርገው። የማታ ሺፍት አለኝ።»

ነጩን ቆብ አውልቀው የሥራ ሰደርያቸውን ለበሱ። በሩ ጋ ፓርክ ሳደርግ የመኪናውን በር በሁለት እጃቸው ተደግፈው፣ አንዱን እግር አውርደው ሌላውን እስኪያወርዱ ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋብን።

«ሰውየውን አመስግንልኝ» አሉ። «ጊዜውን አባከንኩበት።»