ወይዘሮ ዘይነባና የገንቦው ቸኮሌት

የፍኖተ ሰላም ሰዎች፣ ከጅጋም ከቡሬም ለገበያ የምትመጡ ወዳጆቻቸው ሁሉ፣ ወይዘሮ ዘይነባ ረመዳን በገባ ሰሞን ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። መርዶው ሳይደርሳችሁ አይቀርም። አብሮት የደረሳችሁ ወሬ ግን ውሸት ነው፤ እኔም ብዕር ያነሣሁት ለዚሁ ነው። «ስኳር በሽታ እያለባት ቸኮሌቷን ተደብቃ ስትበላ ሞተች» እየተባለ ነው። ይህን የሚል ሰው ምላሱን ይሰብስብ! እሳቸው የሞቱት መንገድ ተዘግቶ መድኃኒታቸው ሊመጣ ስላልቻለ ነው። እኔ ራሴ መድኃኒት ቤቶቹን ሁሉ ዞሬ ባዶ እጄን ተመልሻለሁ።

ጎረቤታቸው ነኝ፤ ቤቴና ሱቃቸው በአንድ ግድግዳ ይዋሰናሉ። ለማያውቋቸው ልንገር፤ እትዬ ዘይነባ ጨው፣ ሳሙና፣ ሻማና ባትሪ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ቸኮሌቱን ወንድማቸው ከመርካቶ ይልክላቸዋል፤ በብልጭልጭ ወረቀት አንድ አንድ እየሆነ የተጠቀለለ ነው። በበጋ መደርደሪያ ላይ ከዋለ ስለሚቀልጥ ገንቦ ውስጥ ያስቀምጡታል። ገንቦውን በጓዳቸው እርጥብ አሸዋ ውስጥ እስከ አንገቱ ቀብረውታል። ጠዋት ጠዋት አሸዋውን ውኃ ሲያጠጡ ሳያቸው «እትዬ ዘይነባ፣ መቼ ነው የሚበቅለው?» እያልሁ እቀልድባቸው ነበር። «አንቺ እያየሽው ምን ይበቅላል፤ ዓይንሽ ክፉ ነው» ይሉኛል።

አንድ የገበያ ቀን ከጅጋ የመጡ ገበሬ በሬያቸውን ሸጠው እሱቁ ደጃፍ ቁጭ አሉ። በሬው የተሸጠው ለልጃቸው ማሳከሚያ ነው፤ ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ዘይነባ ከገንቦው አንድ ጥቁር ቸኮሌት አውጥተው ሰጧቸው። ሰውየው ጎረስ አድርገው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ኧረ ኮሶ ነው እንዴ!»

«አይቆርጥሙት አባቴ። ምላስዎ ላይ ይተዉት፤ ጣዕሙ ራሱ ይመጣል።»

ሰውየው እንዳሏቸው አደረጉ። ቆየት ብለው «በሬዬንስ አላስረሳኝም፤ ትከሻዬን ግን ትንሽ አቀለለው» ብለው ተነሡ። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን ዘርግተው «ቸኮሌቱ የእርስዎ፣ ወረቀቱ የእኔ» አሉና መጠቅለያውን ተቀበሏቸው። ሁልጊዜ እንዲህ ነበሩ። እሳቸው አይቀምሱም፤ ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ያሸቱታል። «ሽታውንስ በሽታዬ አልከለከለኝም» ይላሉ።

በእኛ አገር ለቅሶ ቤት እንጀራና ንፍሮ ይወሰዳል እንጂ ጣፋጭ ይዞ መሄድ ነውር ነው። እሳቸው ግን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይሄዱ ነበር። «ሰርግ መሰላት እንዴ?» ብለው ያሟቸው ብዙ ናቸው።

ለእኔም መጡልኝ። ባለቤቴ የአይሱዙ ሾፌር ነበር። እህል ጭኖ ወደ ቡሬ እንደ ወጣ ሬሳው ተመለሰ። ማን እንደ ተኮሰበት ዛሬም አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም። ጊዜው ሑዳዴ ነበር። እህል በአፌ አልዞር አለ፤ እንባም እምቢ አለኝ። ሴቶቹ ይለምኑኛል፣ የነፍስ አባቴ ይገሥጹኛል፣ እኔ ግድግዳ አያለሁ። እትዬ ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ።

«ጾም ላይ መሆንሽን አውቃለሁ ልጄ። ወተት የለበትም፤ ጥቁሩ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን አስተማሪ አስነብቤያለሁ። አትቆርጥሚው።»

ሙስሊም ሆነው ጾሜን ከእኔ በላይ ጠበቁልኝ። መጀመሪያ መረረኝ። ቀስ እያለ ሲቀልጥ ጉሮሮዬ ተከፈተ፤ የጠፋው እንባዬም መጣ። ደስ አለኝ አልልም፤ ከየት መጥቶ! ግን ሰው ሆንሁ። «ሐዘን ባለቤት ነው፤ ከቤት አታስወጭውም። ለአንድ አፍታ ፈቀቅ በልልኝ ማለት ግን ይቻላል» አሉኝ። በዚያች አፍታ ንፍሮ ቀመስሁ። እሳቸውም ወረቀቱን ይዘው ሄዱ።

ዘንድሮ መንገዱ ሲዘጋ መጀመሪያ ሸቀጡ አለቀ፤ ቀጥሎ የእሳቸው መድኃኒት። የተረፈውን ቸኮሌት «ለሐዘንተኛ ይቀመጥ» ብለው መሸጥ አቆሙ። ሐዘንተኛ በዝቶ ነበርና ገንቦው ቶሎ ጎደለ። እሳቸው ውኃ ውኃ ሲሉ ሰነበቱ፤ ከዚያ ትንፋሻቸው ከበደ፤ በመጨረሻም ሰው መለየት አቃታቸው። መንገዱ ሳይከፈት ሞቱ።

ገላቸውን ሊያጥቡ የገቡት ሴቶች ከትራሳቸው ሥር የቸኮሌት ወረቀት ክምር አገኙ። ወሬው የተወለደው ከዚያ ነው።

ወሬው ከአንዲት ልጃቸው ከረሕመት ጆሮ ገባ። ልጅቱ ቀን ትጾማለች፤ ሲመሽ ደግሞ ቴምር እንኳ አልቀምስም ትላለች። ገንቦው አጠገብ ተቀምጣ «ይኼ ነው እማን የበላት፤ እሰብረዋለሁ» ትላለች እንጂ ሌላ ቃል አይወጣትም። ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። እናቷን እንዳትከተል ፈራን።

ወደ ማታ ሄድሁና አጠገቧ ተቀመጥሁ። «እናትሽ አንዲት ፍርፋሪ አልቀመሱም። እነዚያ ወረቀቶች የእኛ የሐዘንተኞች ናቸው፤ የባለቤቴ ለቅሶ ወረቀትም እዚያው አለ። ለእሳቸው የደረሳቸው ሽታው ብቻ ነው» አልኋት።  ከገንቦው ሥር ከቀሩት አንዱን አወጣሁ። አዛን እስኪሰማ ድረስ የእጄ ሙቀት እንዳያቀልጠው ነጠላዬ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ጾሟን አላስፈርሳትም፤ ያንን ያስተማሩኝ እናቷ ናቸው።

እትዬ ዘይነባ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለእርስዎ ነው የምነግርዎ። አዛኑ እንደ ተሰማ ረሕመት ቸኮሌቱን ጎረሰች። አልቆረጠመችውም፤ ምላሷ ላይ ተወችው። ከዚያ ያለቀሰችው ለቅሶ ግድግዳውን አልፎ እቤቴ ተሰማ አሉ። ስትጨርስ ቴምር ጠየቀች። ትከሻዬን እንዳቀለሉልኝ፣ ለእርስዎም አፈሩን ገለባ ያድርግልዎ። እንደ ልማድዎ እጄን ዘርግቼ ወረቀቱን ብጠይቃት ግን አልሰጠችኝም። «የእማ ነው» ብላ አሸተተችውና ከትራስዎ ሥር ከክምሩ ጋር አኖረችው።